ጋራ ሙካ የቀረው አቤቴ

ከጋራ ሙካ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሱሪ ሊያስጠብብ የሚመጣ ሰው ሁሉ ልኬቱን ሳይሰጠኝ በፊት ስለዚያ መንገድ ይጠይቀኛል። ወሬው ደግሞ ካፍ ወዳፍ ሲሄድ እየሰፋ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ እህቴን ዘንዶ ውጦ እንደተፋት ከገበያ ሰምታ ልታጽናናኝ መጣች። ስለዚህ ከማሽኔ ተነስቼ ነገሩን ቀን በቀን እንደሆነው ልጻፈው አልኩ። እናንተ መቼም እዚያ አትሄዱም፤ እኔም ብሆን ወድጄ አልሄድኩም።

ታናሽ እህቴ ሶፊያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመደበች። የደረሳት ከሰቃ ማዶ፣ ጫካ ውስጥ ያለች፣ ሃያ ቤት የማትሞላ ጋራ ሙካ የምትባል መንደር ነበረች። ዙሩ አልቆ ጓደኞቿ ጠቁረውና ከስተው ሲመለሱ ሶፊያ የለችም። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ደብዳቤም የለ፣ መልእክትም የለ። እማዬ መጀመሪያ ምሳ መብላት ተወች፤ ቀጥላ የሶፊያን ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ማንም ያልለበሰውን ቀሚስ በየሦስት ቀኑ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ እኔ ነኝና አንድ ሰኞ ማታ ፊት ለፊቴ ቆማ "ሂድና አምጣት። ብቻህን እንዳትመለስብኝ" አለችኝ።

ማክሰኞ

ጅማ፣ ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ቀበሌ ገብቼ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ጠየቅሁ። የሊቀመንበሩን የሳፋሪ ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የግራ ኪሱ ጠበበኝ ሲል ዓመት ሞላው። "ጓድ ነስሩ፣ ስትመለስ ይህን ኪስ እንደምታሰፋው ማልና ማኅተሙን ላሳርፍልህ" አለኝ። ማልኩ።

ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቴን ደጋግሞ አንብቦ "ልብስ ሰፊ ጫካ ውስጥ ምን ሊለካ ይሄዳል?" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሰቃ ቅርብ ናት፤ ሰርቦ ለገበያ ደርሶ የመምጣት ያህል ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ክረምቱ ግን ገና አልወጣም ነበር። አውቶቡሱ ጭቃ ገብቶ ወንዱ ሁሉ ወርዶ ሲገፋ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እዚያው ቀረ። የጅማ ጭቃ ልብስ ያበላሻል፤ የዚህኛው ጫማ ይቀማል። ሰቃ የገባሁት በአንድ እግሬ እያነከስኩ ነው።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ፍራሹ የጆንያ ነው፤ ሲገላበጡበት ቡና ቡና ይሸታል። ባለቤቷ፣ ዕድሜዋ የእናቴ የሚሆን ሴት፣ እግሬን አየችና ምንም ሳትለኝ ከጓዳ የላስቲክ ቦት አመጣች።

"የልጄ ነው" አለች። "ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ስትመለስ አምጣልኝ፣ እሱም ሲመለስ ያገኘዋል።"

ቦቱ በሁለት ጣት ይሰፋኛል። ጨርቅ ጠቅጥቄበት አጠበብኩት፤ ማጥበብ ሥራዬ ነው።

ረቡዕ

ባዶ ጆንያ የጫነ መኪና አግኝቼ ከላይ ተቀምጬ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄድኩ። እውነት ነው፣ መንገዱ ያልቃል። አራት ሱቅና አንድ ሻይ ቤት አሉ፤ ከኋላቸው የዛፍ ግድግዳ ቆሟል። እኛ ጅማ ዛፍ የምንለው አጥር ላይ ያለውን ነው። እዚህ ግን ሰዉ ነው በዛፍ የታጠረው።

የሻይ ቤቱ ሰውዬ መደብ ላይ አስተኛኝ፤ ጎደሬ ቀቅሎ በሚጥሚጣ አበላኝ። ጎደሬ ቤታችን ሲቀርብ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ሳህኑን ጠረግሁት። ስለ መንገዱ ስጠይቀው "በቅሎ ጫኞቹ የሚወጡት ቅዳሜ ገበያ ውለው ነው። አንተ አጭሩን ያዝ። መንገዱ አንድ ነው፣ አይጠፋህም" አለኝ። ኩባያ እያጠበ ትንሽ ቆይቶ "ከጠሩህ ደግሞ ዝም ብለህ ሂድ" ብሎ ጨመረ።

እኔ ሽፍታ ያለ መስሎኝ ያለችኝን ገንዘብ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ

ማለዳ ገባሁ። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከሥር ቡናው፤ የዘራው ሰው የለም፣ እንዲሁ የበቀለ ነው። ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ የማውቀው ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ ብቻ ነው። የጅማ ልጅ ዝምታ አያውቅም፤ አዛን አለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ አለ፣ የጋሪ ደወል አለ፣ ሌላው ቢቀር የእኔ ማሽን አለ። እዚህ የምሰማው የቦቴን ጭቅ ጭቅ ነው። ቆም ስል ጭቅ ጭቁ ከእኔ አንድ እርምጃ ዘግይቶ የሚቆም ይመስለኛል። ጉሬዛዎቹ እንኳ ከላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩኛል እንጂ አይንጫጩም።

መንደሩ ቅርብ ይሆናል እያልኩ፣ ደግሞም ፍርሃቱን ለማባረር፣ የእህቴን ስም ጠራሁ። መጀመሪያ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ "ሶፊያ!" አልኩ። መልስ የለም። ቀጥሎ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዳቦዬን ስጨርስ ጠራሁ። ሦስተኛው ግንድ የተጋደመበት ወንዝ ጋ ነው። በየቦታው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። የምጮህ ሰው አይደለሁም፤ ቀን ሙሉ አፉ ውስጥ ስፒል ይዞ የሚውል ሰው መጮህ አይለምድም።

ግንዱን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙሁር፣ ጥቂት ሲቀረው ይመስለኛል፣ ከኋላዬ ስሜ ተጠራ።

"ነስሩ።"

የእማዬ ድምፅ ነው። ጓሮ ሆና የውሃ በርሜል አንሳልኝ ስትል የምትጠራኝ አጠራር፣ "ሩ"ዋን ወደ ታች ጣል አድርጋ።

"አቤት" አልኩ።

አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዚያ ድምፅ አቤት ስል ኖሬያለሁ። ካልኩ በኋላ ነው እማዬ ጅማ መሆኗ ትዝ ያለኝ። ጫካው ፀጥ አለ። ወንዙ እንኳ መፍሰሱን የተወ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም። ቢስሚላህ እያልኩ፣ ቦቱ ከእግሬ እየወለቀ፣ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ምኑን እደብቃለሁ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ጋራ ሙካ ደረስኩ። ጭቃ ቤቶች፣ ቆጥ ላይ የተከመረ እህል፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። መጀመሪያ ያስደነቀኝ ማንም ማንንም አለመጣራቱ ነው። እኛ ሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በስም ሲጠሩ ነው የሚውሉት። እዚህ አንዲት ሴት ባሏን ስትፈልግ እርሻው ድረስ ሄዳ እጁን ይዛ አመጣችው።

ባልየው አባ ፊጣ ናቸው፤ ሶፊያ ያረፈችው እሳቸው ቤት ነው። ሽበታቸው ከጢማቸው ይጀምራል። ሚስታቸው አዴ ዘሃራ የቡና ቅጠል በበርበሬ አፍልታ ሰጠችኝ፤ እግሬን ጉንዳን የበላውን ራሷ በጨው ውሃ አጠበችው። በኦሮምኛ ሰላምታውን ጨርሼ "ሶፊያን ልወስዳት ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

አባ ፊጣና ሚስታቸው ተያዩ።

"ሶፊያ ትናንት ማለዳ ወጣች እኮ" አሉ አባ ፊጣ። "የሴቶቹን መጽሐፍ ካላስጨረስኩ አልሄድም ብላ ነው የቆየችው። ደብዳቤም ልካ ነበር። ማክሰኞ ጨረሱና ትናንት በአጭሩ መንገድ ሄደች። ከጫካው እስክትወጪ እንሸኝሽ ብንላት አውቀዋለሁ አለች።"

"እኔም በአጭሩ ነው የመጣሁት። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሻይ ቤቱ ነበርኩ። አልደረሰችም።"

አዴ ዘሃራ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችልኝ።

"መንገድ ላይ አልጠራሃትም?" አሉኝ አባ ፊጣ።

"ጠርቻለሁ። ሦስት ቦታ ጠርቻለሁ፣ አልመለሰችም።"

"እንዴት ነው የጠራሃት?"

"ሶፊያ አልኩ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ ነዋ፣ በየቦታው።"

አባ ፊጣ ካረፉበት ተነሱ። "ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። "ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ለተጠራ እዚህ ማንም አይመልስም። አንድ ጊዜ የሚጠራው ጫካው ነው። ሰው ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው። ሶፊያ ይህን ከእኛ ተምራለች። ብትሰማህም ዝም ነው የምትልህ።"

እሳቸው እየተጣደፉ ጫማቸውን ሲያጠልቁ አዴ ዘሃራ ጨመረችልኝ። ሶፊያ የመጣች ሰሞን ስም ስትጠራ ማንም አቤት ባለማለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ የተቀመጡትን ተማሪዎች ሁሉ ቀሪ ብላ ጽፋቸዋለች። ነገሩን ከነገሯት በኋላ እያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ ስትጠራ የትምህርቱ እኩሌታ በስም ጥሪ ያልቅ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ የምስቅበት ወሬ ነው።

አምስት ወንዶች፣ ገመድና ገጀራ ይዘን ወረድን። እኔ ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት አባ ፊጣ ደረቴን ያዙኝ። "በቀስታ። ጥራና ትንፋሽ ውሰድ። ደግመህ ጥራ፣ ትንፋሽ ውሰድ። ጉዳይ ያለው ይደግማል።"

ግንዱ ጋ ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ ከወንዙ ጩኸት በላይ የሚሰማ መልስ የለም። የሾላው ዛፍ ጋ ደረስን፤ የዳቦዬ ፍርፋሪ እንኳ አለ። "ሶፊያ።" ትንፋሽ። "ሶፊያ።" ትንፋሽ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰበረ። "ሶፊያ።"

"አቤት!"

እግራችን ሥር ነው። እኔ ጥዋት ከተቀመጥኩበት ሥር ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ፣ ቁጥቋጦው ከሸፈነው ገደል አፋፍ ዝቅ ብሎ፣ የሾላው ሥር እንደ ክንድ ወጥቶ ይዟታል። አባ ፊጣ በገመድ ወረዱ። ሲያወጧት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ሌላ እግር መስሏል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ዳቦ ስበላ እሷ ሳኝክ የምትሰማኝን ያህል ቅርብ ነበረች፤ ይህን መቼም አልረሳውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደር ገባን።

ዓርብ

አዴ ዘሃራ ወጌሻም ናት። የሶፊያን እግር በቅቤ አሽታ፣ በቀርከሃ አስራ አስተኛቻት። ከየቤቱ ሰው ወተት፣ ማር፣ የበቆሎ ቂጣ ይዞ መጣ፤ ማንም ባዶ እጁን አልገባም። እኛ ጅማ የታመመ ስንጠይቅ ብርቱካን ይዘን ሄደን ግማሹን እኛው እንበላለን።

ረፋዱ ላይ ሶፊያ ነቃ ስትል አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ስሰማህ ነበር" አለችኝ። "ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር፣ ግን እንዴት ብዬ ልመልስ? ሁለተኛውን ስጠብቅ ትሄዳለህ። አራቱንም ጊዜ እንዲሁ።"

"ሦስት ነው" አልኳት። "ድንጋዩ፣ ሾላው፣ ወንዙ።"

"አራት። አራተኛው አንተ ወንዙ ጋ ከጠራህ በኋላ ነው። ከሥር ነው የመጣው።"

"ከየት ሥር?"

"ከገደሉ። 'ሶፊያ' አለ፣ በአንተ ድምፅ፤ በጣም ቅርብ፣ እዚህ ነኝ ውረጂ እንደሚል ሰው። መንገዱ በታች በኩል ዞሮ አንተ እታች ያለህ መሰለኝ። እግሬን ዘርግቼ ሥሩን ልለቀው ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ልጠብቅ አልኩ።" ዓይኗን ጨፈነች። "አልደገመም።"

ዞር ስል አባ ፊጣ ደጃፉ ላይ ቆመው ሰምተዋል። እሷን ሊያወጡ ሲወርዱ ከእግራቸው ሥር ድንጋይ ተንከባሎ መድረሻውን ሳይሰሙ እንደቀሩ ነገሩኝ። በዚያ ልማድ ምክንያት እህቴን ላጣት ነበር፤ በዚያው ልማድ ተረፈችልኝ። የትኛውን ልርገም፣ የትኛውን ላመስግን አላወቅሁም።

ወንዶቹ ዋርካ ሥር ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ የእኔን ነገር ለአባ ፊጣ አወጣሁት፤ ስሜ እንደተጠራና አቤት እንዳልኩ። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር።

"በማን ድምፅ?" አሉ።

"በእናቴ።"

"አዛን እንኳ ይደገም የለ?" አሉ። "ሳይደገም የመጣ ጥሪ የሰው አይደለም፣ የአላህም አይደለም። አንተ አላወቅህም፣ ጥፋት የለብህም። ግን አቤትህ ወጥቷል። ከአፍ የወጣ ደግሞ አንድ ቦታ ሳይደርስ አይቀርም።"

"የት ነው የሚደርሰው?"

"እሱን እኔ አላውቅም፣ ኢልመኮ" አሉኝ።

ቅዳሜ

ሶፊያን በቃሬዛ ተሸከሟት። የገበያ ቀን ነውና መንደሩ ሁሉ ይወርዳል፤ ስምንት ስምንት እየሆኑ ተቀባበሏት። እኔ ልሸከም ስል የቦቴን ስፋት አይተው እምቢ አሉኝ። ከመነሳታችን በፊት አዴ ዘሃራ የደብተር ቅጠል ሶፊያ እጅ ውስጥ ከተተች። በፊደል "ዘሃራ" የሚል ተጽፎበታል፣ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሥር። ሶፊያ አይታው ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች።

በሾላው በኩል ስናልፍ ተሸካሚዎቹ ድምፃቸውን አጠፉ። እኔም ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ አለፍኩ። ጀግና ነኝ አላልኳችሁም።

መንገዱ ከሚጀምርበት መኪና አገኘን፤ ሰቃ ላይ አስቁሜ ቦቱን አጥቤ መለስኩ። ሴትዮዋ "አመጣሃት?" አለች። ቃሬዛውን ሳሳያት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ቦቱን ወስዳ በሩ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ አስቀመጠችው።

ጅማ የገባነው ገና ሳይመሽ ነው። እማዬ የግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሶፊያን ስታይ እንደ ሌላ እናት እልል ብላ አልሮጠችም። ተነሳች፣ ቃሬዛውን ይዛ እህቴን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበሰቻት፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሰው መሆኔን እንደምታረጋግጥ ዓይነት ነው።

ጎረቤቱ ከወጣ በኋላ "ሐሙስ ዕለት ምን ሆነህ ነበር?" አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"ሐሙስ ለዙሁር ውዱእ ላደርግ ጓሮ ነበርኩ። ከበርሜሉ ኋላ አቤት አልከኝ። ወላሂ የአንተ ድምፅ ነው። ዞሬ አየሁ፣ የለህም። እኔ ደግሞ አልጠራሁህም። አፌን አልከፈትኩም። ልጄ ለማን ነው አቤት የሚለው ብዬ ወጥቼ ይህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሐሙስ ጀምሮ ሌሊት ብቻ ነው የተነሳሁት።"

ሶፊያና እኔ ተያየን። ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ገደሉን፣ አራተኛውን ጥሪ፣ አባ ፊጣ ያሉትን። እማዬ ለእንደዚህ ያለ ወሬ ጆሮ የላትም፤ ጂን የሚያወራ ሰው ስትሰማ ቁርአን ቅራ ብላ ነው የምታሰናብተው። ያን ዕለት ግን አላሰናበተችኝም። እስክጨርስ አዳምጣ ተነስታ የጓሮውን በር ዘጋች።

አሁን ሶፊያ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ የሊቀመንበሩም ኪስ ሰፍቶለታል። እማዬ ሶፊያን ከወጥ ቤት ስትጠራት ሦስት ጊዜ ነው፣ በመሃሉ ትንፋሽ እየወሰደች። ጎረቤቶች ልጅቷ ጫካ ደንቁራ መጣች እንዴ ይላሉ። ሶፊያም ሦስተኛው ላይ አቤት ትላለች፤ ሳቋ ይመጣል።

እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። አንድ ጊዜም፣ ሦስት ጊዜም አትጠራኝም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃት "አንዱ አቤትህ የት እንዳለ ሳላውቅ ሁለተኛ አላስወጣህም" አለችኝ። ስትፈልገኝ ከጓሮ ተነስታ፣ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ግቢውን አቋርጣ ሱቄ ድረስ ትመጣለች። ማሽኑ እየጮኸ መምጣቷን አልሰማም። እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔም ማሽኑን አቁሜ በርሜሉን ላነሳላት እሄዳለሁ።